ጥፍር የሚያስረዝሙት ሰውዬ

አሮጌ መጻሕፍት ሻጩ ሰውዬውን የሚያውቃቸው ክርኑ ላይ በተጣፈ ቡናማ ኮታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡና ከድሮው የሳይንስ መማሪያ አንድ ቅጂ ያነሳሉ። ባጀር የሚባለው፣ ፊቱ ነጭና ጥቁር መስመር ያለበት እግረ አጭር አውሬ የተሳለበትን ገጽ ብዙም ሳያገላብጡ ያገኙታል። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አውጥተው የፊት እግሮቹን ጥፍር ያስረዝማሉ።

"ጋሼ፣ ዕቃዬን እኮ እያበላሹብኝ ነው" አላቸው አንድ ቀን።

"ያበላሸሁትስ ያኔ ለመጽሐፉ ስስለው ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "አይቼ የሳልኩት የታሰረ ነበር። ምሶ እንዳያመልጥ ጥፍሩን ከርክመውታል። ጀማሪ ሰዓሊ ነበርኩ፤ ያየሁትን ሳልኩ። በዚህ ጥፍር አፈር ይማሳል ብሎ ስንት ተማሪ አመነኝ መሰለህ።"

ሻጩ ያንን ገጽ በልጅነቱ በቃሉ ይወጣው እንደነበር አልነገራቸውም። ከጓዳ የቀሩትን ሦስት ቅጂዎች አምጥቶ አቧራቸውን አራገፈላቸው። ሁለቱን አረሙ። ሦስተኛው ላይ እጃቸው ቆመ፤ አንድ የድሮ ተማሪ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከአውሬው አጠገብ ጉድጓድ ስሎለታል፣ ከነአፈር ክምሩ።

ሰውዬው ገጹን በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ይኼንንስ እኔ ሳልደርስለት ሌላ ሰው ደርሶለታል" አሉ።