የሀዊ እንባ

ልጄ የቴሌቪዥን ድራማ እያየች ስታለቅስ አባቷ ያባብላታል። እኔ ጥግ ይዤ ጥሬ ቡና እለቅማለሁ፤ ሽታው መቱ ከተማ ውስጥ ወዳደግኩበት ሰፈር ይመልሰኛል።

የቡና ነጋዴው ሚስት እትዬ አስካለ ቡናቸውን ለምንለቅም ልጃገረዶች ድራማ ይከፍቱልን ነበር። በድራማው ውስጥ ቆንጆዋ ሁልጊዜ ታለቅሳለች፤ ብልጧ ሁልጊዜ ክፉ ናት። ጓደኛዬ ሀዊም አብራ ስታለቅስ፣ እትዬ አስካለ ሰፌዷን ከነቡናው ተቀብለው እንድለቅምላት ለእኔ ይሰጣሉ።

«እሷ እንደ ድራማዋ ቆንጆ ሆደ ባሻ ናት። አንቺ ግን ክፉዋን ነው የምትመስይው» ይሉኛል።

አንድ ቀን በቅናት አርሬ እኔም አለቀስኩ።

«አቧራ ገብቶብሽ ነው፤ ታጠቢና ተመለሽ» አሉኝ።

አሁን አባቷ የልጄን እንባ በመዳፉ ይጠርግላታል። እኔ ሰፌዴን ወደ እነሱ አዙሬ ማበጠር ጀመርኩ፤ አቧራው ወደ ዓይናቸው ቦነነ።