የባሩድ ምራቂ

ሃምሳኛዋ ጥይት የት ገባች? ይህን ጥያቄ ለባሌ አቅርቤለታለሁ፣ ለራሴም ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ሳጥኑ ሃምሳ ጉድጓድ ያለው ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። አርባ ዘጠኙን አንድ በአንድ ፈትቼ፣ ባሩዳቸውን መዝኜ፣ የእያንዳንዳቸውን ቁጥር ደብተር ላይ ጽፌአለሁ። ከታች በቀኝ በኩል ያለችው ጉድጓድ ባዶ ነበረች። ባሌ "አርባ ዘጠኝ ብቻ ሠርቼ ይሆናል" ይላል። ባሌ አርባ ዘጠኝ ላይ የሚያቆም ሰው አይደለም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከበረንዳው ጎን ስቶሬጅ የሚሉት ጠባብ የዕቃ ክፍል ያለው አፓርትመንት። ባሌ ሽጉጥ የሚታጠቅ ሴኩሪቲ ነው። በየጊዜው ተኩስ ስለሚፈተን መለማመጃ ጥይት ያስፈልገዋል። የሥራ ባልደረባው የተተኮሰ ቀለህ እንደገና መሞላት እንደሚችል አሳየውና አንድ ቅዳሜ የጥይት መሙያ ማሽን፣ ትንሽ ሚዛን፣ አንድ ጠርሙስ ባሩድና ወፍራም መጽሐፍ ተሸክሞ ገባ። መጽሐፉን ለእኔ ሰጠኝ።

"አንቺ ማንበብ ትወጃለሽ። አንብቢና ዋና ዋናውን ንገሪኝ" አለኝ።

ዋና ዋናውን። መናደድ የነበረብኝ ያኔ ነው።

እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ እንደገና የጀመርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ እዚሁ አገር ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ገጽ አይዘልም፤ የትኛው ገጽ እንደማያስፈልግ ቀድሞ የነገረው የለማ። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መድኃኒት እየቀመመ የሚያዘጋጅ ፋርማሲ ውስጥ ቴክኒሽያን ነኝ። ቀኑን ሙሉ ዱቄት እመዝናለሁ። እኔ የመዘንኩትን ሌላ ሰው አይቶ ካልፈረመበት ከጠረጴዛው አይነሳም። አንዴ ፋርማሲስቷ ለዓይን ለማይሞላ ልዩነት ብላ ሥራዬን መልሳብኛለች። አልከፋኝም። እንደገና መዘንኩ።

መጽሐፉን ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩት። የሽጉጥ ጥይት የሚፈልገው ባሩድ በጣም ትንሽ ነው። የሚለካውም ግሬን በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ ከአሥራ አምስት በላይ ግሬን አለ። አንድ ኩንታል ላይ አንድ ቁንጣሪ ቢጨመር ማንም አያውቅም። አንድ ቁንጣሪ ላይ ግማሽ ቁንጣሪ ሲጨመር ግን ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው። ቀለሁ ደግሞ ውስጡ ሰፊ ነው፤ እጥፉ ቢገባበትም አይፈስም። ከውጭ ሲታይ ደህና ጥይት ነው። ተኳሹ የሚያውቀው ሽጉጡ እጁ ላይ ሲፈነዳ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥርዓቱን በወረቀት ጽፌ ስቶሬጁ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩለት። አየር ማቀዝቀዣው ይጠፋል፤ ሚዛኗ ትንሽ ነፋስ ሲነካት ትዋሻለች። ስልክ ከጠረጴዛው ይነሳል። ሚዛኗ ተከፍታ ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ክብደቷ የታወቀችው የሚዛን ድንጋይ ትመዘናለች፤ ከየአሥር ጥይት በኋላ እንደገና። ባሩዱ በመስፈሪያ ማንኪያ ይሰፈራል፣ አፉ በካርድ ይስተካከላል፣ ይመዘናል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀለሁ ውስጥ ይገባል።

ሁለት ሳምንት አከበረው። ከዚያ አሥሩን ባንድ ላይ መመዘን ጀመረ።

"ለአሥር አካፍዬዋለሁ። ልክ ነው" ይለኛል።

"አንዱ ጎድሎ አንዱ ሞልቶም ድምሩ ልክ ይመጣል።"

"መድኃኒት መሰለሽ እንዴ? የሚውጠው ሰው የለም።"

"መድኃኒት ቢሆንማ የሚታመመው ሆድ ነው።"

"ሪላክስ፣ ዶክተር።"

ዶክተር የሚለኝ ሲያሾፍብኝ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን ያ ወረቀት የሱ ወረቀት ይሆናል። "እኔ ጋ እያንዳንዷ ትመዘናለች፤ ቤቴ ላቦራቶሪ ነው" እያለ ጓደኞቹን ወደ ስቶሬጁ ይወስዳቸዋል። በእጄ ጽሑፍ የተጻፈውን እየጠቆመ ያስረዳቸዋል። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ዝምተኛ ነኝ፤ ሰው ፊት ቃል ከአፌ ቶሎ አይወጣም። እሱም ይህን ያውቃል።

ጥይት የሚሰጣቸው አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌርና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እኔን ለማጨት አጎቴ ቤት ሽማግሌ ተልከው የመጡትም እሳቸው ናቸው። ባሌ እንደ አባት ያያቸዋል፤ ሁለታችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በወር አንድ ቀን አብረው ሬንጅ ሄደው ኢላማ ይተኩሳሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የታጠበ ልብስ ይዤ ወደ ስቶሬጁ ገባሁ። ባለፈው ሳምንት የጀመረውን ሳጥን እየጨረሰ ነበር። ባሩዱን በማንኪያው ሰፈረ። በካርድ አስተካከለ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ከጠርሙሱ ክዳን ላይ ቆንጠር አድርጎ በላዩ ጣል አደረገበትና ሳይመዝን ቀለሁ ውስጥ ገለበጠው። ቆሜ አየሁት። ቀጣዩንም እንደዚያው አደረገ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ምኑ?"

"በላዩ የጨመርከው።"

ጣቶቹን አያቸው። ከልቡ አላስተዋለውም ነበር። ከዚያ ሳቀ። "ምራቂ ነዋ።"

አባቱ መርካቶ እህል እየሰፈሩ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ጣሳው ሞልቶ ከተስተካከለ በኋላ በእጃቸው አንድ ጭብጥ ይጨምራሉ፤ ደንበኛው የሚወዳቸው በዚያች ጭብጥ ነው። ባሌ ያደገው ከዚያ ጣሳ ሥር ነው። ሽንኩርት ሲገዛ እንኳ "አይመርቁልኝም?" ይላል፤ እዚህ፣ ሁሉም ነገር በማሽን በሚመዘንበት አገር።

"ለራስህ በምትሠራውም ትጨምራለህ?"

"ለራሴ ለምን እጨምራለሁ? ይሄ የጋሼ ነው። ለሳቸው ልኩን ሰፍሬ ልስጥ? ስስታም ነኝ እንዴ?"

ሰነፍ ቢሆን ወይም ቸኩሎ ቢሆን ቁጣዬን የማሳርፍበት አላጣም ነበር። እሱ ግን ለራሱ በካርድ አስተካክሎ፣ ለሚወዳቸው ሰው ነው የጨመረው። ልብሱን የጥይት መሙያው ማሽን ላይ ጣልኩት።

"ፍታቸው።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

"ነገ እሰጥዎታለሁ ብያቸዋለሁ እኮ። ደግሞ መጽሐፉ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጽፈው። እንዳይከሰሱ።"

"የት ገጽ ላይ ነው ያነበብከው?"

የጠርሙሱን ክዳን ገጠመ። ከዚያ "ሰው እንደዚያ ነው የሚለው" አለኝ። የሰው ወሬ በአንድ በኩል፣ እኔ ከሽፋን እስከ ሽፋን ያነበብኩት በሌላ በኩል። የሰው ወሬ በለጠ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሥራው ሄደ። ሳጥኑን አወጣሁ። ያለቀች ጥይትን በመመዘን ብቻ ውስጧን ማወቅ አይቻልም፤ ቀለሆቹና አረሮቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፣ የባሩዱን ልዩነት ይሸፍኑታል። መፍታት ነበረብኝ። መዶሻ የሚመስል መንቀያ አለው፤ ጥይቷን ጭንቅላቱ ውስጥ አስሮ እንጨት ላይ ሲመቱት አረሩ ይወልቃል። ከሰዓቱን ሙሉ መታሁ። ከታች ያሉት ጎረቤቶች በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ደበደቡልኝ። እኔም ቀጠልኩ። ሚዛኗን በየአሥሩ በድንጋይዋ ፈተንኩ። ሚዛን የሚለውን ጻፊ እንጂ እንዲል የምትፈልጊውን አትጻፊ የሚል አስተማሪ ነበረኝ። ጻፍኩ። አሥራ አንዱ መጽሐፉ ካስቀመጠው ጣሪያ በላይ ነበሩ። አንዷማ ያለጥርጥር ሁለት ጊዜ ተመርቃለች።

አርባ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ሳጥኑ ባዶ ሆነ።

ሲመለስ ደብተሩን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። ተራ ተራውን አየ። ፊቱ ተለወጠ፤ ይህን አልክድበትም።

"አንዷ የት ናት?" አልኩት።

"ቆጠርሽብኝ?"

"የት ናት?"

ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ባለፈው እሑድ ለጋሼ አንድ ለናሙና ሰጥቻቸው ይሆናል አለ። ከዚህ ሳጥን ይሁን ከድሮው ግን አያስታውስም።

"ንገራቸው። ዛሬውኑ ደውልላቸው።"

"ምን ብዬ? እጅዎን ላፈነዳልዎት ነበር ብዬ?"

"እንደዚያው ብለህ።"

"ሽማግሌዬ ፊት ልታዋርጂኝ ነው። አንቺ ከነገርሽ እኔ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። እኔ በዘዴ እቀበላቸዋለሁ፤ ተይው።"

ተውኩት። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ቢሆን አንድ ደቂቃ አልታገስም፤ ስሕተቱን ያየ ሰው ወዲያው መናገር አለበት፣ የማንም ክብር አይጠየቅም። ቤቴ ስገባ ያው ሕግ ከኮቴ ጋር በር ላይ የሚሰቀል ይመስል። ማታ ማታ "ተቀበልካቸው?" እለዋለሁ። "እያመቻቸሁ ነው" ይለኛል።

ሦስት እሑድ አለፈ። ጋሼ ሁልጊዜ ከፊታችን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸው ትልቅ ነው፤ አርባ ዓመት መሪ የጨበጠ እጅ። የፕሮግራሙን ወረቀት አራት ላይ አጣጥፈው በአውራ ጣታቸው እየደጋገሙ ያስተካክሉታል። ስብከቱ ምን እንደነበር አላስታውስም። ቀኝ እጃቸውን ነበር የማየው። አምስቱም ጣቶች እንዳሉ እቆጥር ነበር።

በአራተኛው እሑድ ባሌ ተረኛ ነበር። አምልኮው እንዳለቀ ተከትያቸው ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ሴቨን ኮርነርስ ከሚባለው መስቀለኛ መንገድ አጠገብ ነው፤ መኪናቸው ከመንገዱ ዳር ቆማለች። ኮታቸውን አውልቀው ኋላ ወንበር ላይ እያስቀመጡ ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።"

"አንቺ? መናገር ጀመርሽ? ዛሬ በረዶ ሊጥል ነው ማለት ነው።" ሳቁ። "በይ ንገሪኝ፣ ልጄ።"

"ባለቤቴ ለናሙና ብሎ የሰጠዎት ጥይት አለ። አንድ። እንዳይተኩሷት።"

"ምን ሆነች?"

"ባሩዷ ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ ብሎ ምራቂ ጨምሮባታል።"

"ምራቂ" አሉ። ሊስቁ ነበር፤ ፊቴን ሲያዩ ተዉት። የመኪናውን በር ያዙ። "መቼ ነው ይህን ያወቅሽው?"

"አንድ ወር ሊሞላው ነው።"

"አንድ ወር።" ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ። "በዚህ መሐል ሁለቴ ሬንጅ ሄጃለሁ። ሁለተኛው፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ ከባልሽ ጋር ነው። አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ምንም አላለኝም።"

ይህን አላውቅም ነበር። በዚያች ቀን "ኦቨርታይም ገብቻለሁ" ብሎ ኮል አድርጎልኛል።

የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው ክብ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ጥይት ሞልቶታል፤ የሱቁ፣ የባሌ፣ የአዲሱ፣ የድሮው፣ ሁሉም ተደባልቆ።

"የትኛዋ ናት?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"እሱስ?"

"እሱም አያውቅም።"

ቆርቆሮውን ዘግተው ሰጡኝ። ይከብዳል፤ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አስጠግቼ ያዝኩት። በኋላ በውስጡ ያለውን ሁሉ ፈትቻለሁ፤ ከጣሪያው ያለፈ አንድም አላገኘሁም። ምናልባት ተኩሰዋት ይሆናል፣ ሽጉጣቸው ችሎላቸው። ምናልባት ከመጀመሪያውም አልነበረች። ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም፤ አስፋልቱ ላይ ቆርቆሮውን አቅፌ ቆሜአለሁ።

"መንገርሽን ያውቃል?" አሉኝ።

"አያውቅም።"

"በይ እንግዲህ፣ ከእኔ አይሰማም። ትዳራችሁ መሐል አልገባም። ጌታ ይባርክሽ፣ ሂጂ።"

መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ሊዘጉ ሲሉ በጉልበቴ ያዝኩት። በሕይወቴ በትልቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላደረግኩም።

"አይ፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ይንገሩት።"