ያጻፈው ማን ነው?

ሰቆጣ መናኸሪያ በር ላይ መጽሐፍ አዟሪው፣ “አገር ያቆመ ሰው ታሪክ ነው፤ ውሰጂው!” ብሎ ዘረጋልኝ። የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ እጄ ሽፋኑን አልፎ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደ። ይህን አመል ያስያዙኝ አያቴ ናቸው።

አያቴ ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ የአንድ አገር መሥራች የሕይወት ታሪክ ከትምህርት ቤት አምጥቼ አነበብሁላቸው። ሰውየው ዋሽቶ አያውቅም፤ ፈርቶም አያውቅም። አያቴ የመቃ ብዕራቸውን እየቀረጹ ሰሙኝና፣

“ያጻፈው ማን ነው?” አሉኝ።

“አይልም፣ አባባ።”

“እኛ ገድል ስንጽፍ ያጻፈውን ሰው ስም መጨረሻው ላይ በቀይ እናስገባለን። ለመጸለይም ለመጠየቅም ይመቻል። ስሙን የደበቀ ሰው አይታመንም።”

ተነሥቼ እሳቸው የጻፉትን፣ ግድግዳው ላይ በማኅደሩ የተንጠለጠለውን ገድል አወረድሁና መጨረሻውን ገለጥሁ። ቀዩ ስም ተፍቆ፣ በሻካራው ብራና ላይ ሌላ ስም ተጽፎበታል።

“ይሄስ፣ አባባ? ማን ፋቀው?”

በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት። “አንቺ ንባብሽን ቀጥይ።”

“ልጠቅልልልሽ?” አለኝ አዟሪው።

የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። ተፍቆ እንደሆነ ብዬ በአውራ ጣቴ ዳሰስሁት።