የሩቅ አገር እስረኛ

ረሒማ ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ ስትሸጥ ጸጉሯ ሸብቷል። ከወራቤ የመጣችው ባሏን ሱፊያንን ተከትላ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ሱቁንም ልጆቹንም ብቻዋን ይዛ ዘልቃለች። ዕቃ የምታወጣው ጆሃንስበርግ ካለው የቻይኖች ገበያ፣ ከሜይላን ሱቅ ነው።

ሜይላን ዝምተኛ ናት። ያገሯ ልጆች የሆኑት ጎረቤት ነጋዴዎች በደጇ ሲያልፉ አቀርቅረው ነው። ነገሩ ያልገባት ረሒማ አንድ ቀን ሁለቱም ከገበያ በለቀሙት እንግሊዝኛ ፊት ለፊት ጠየቀቻት።

"ሰው የሚሸሽሽ ምን አድርገሽ ነው?"

"ባሌ እስር ቤት ነው ሲሲ፣ እኅቴ" አለች ሜይላን። "ጠበቃ ነው። የፋብሪካ አቧራ ሳንባቸውን ለበላው ሠራተኞች ተከራከረ። ዝም በል ሲሉት እምቢ አለ። ከእኔ ጋር የታየ ሰው፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹ እንዳይጠየቁበት ይፈራል።"

ረሒማ አልራቀቻትም። የእሷም አባት በደርግ ጊዜ የቀበሌውን ሹሞች ተናግሮ ታስሮ ነበር። እናቷ በየማለዳው ስንቅ ታደርስለታለች፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ቤቱ ሁሉ እፎይ ይላል። ሜይላን ግን ስንቅ የምታደርስበት ደጅ እንኳ የላትም። ከዚያ ወዲህ ረሒማ ዕቃ ባታወጣም ጎራ ትል ጀመር። አብረው ሻይ ይጠጣሉ።

ባለፈው ሰኔ ብርዱ ሲጠና፣ የሜይላን ባል ዌንቦ እስር ቤት ውስጥ ሞተ የሚል ወሬ በየስልኩ ተዛመተ። ረሒማ ሱቁን ለልጇ ለፈይሩዝ ትታ ከነፈች። ሜይላንን የሱቋን መዝጊያ እስከ ግማሽ አውርዳ ካርቶን ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

"ሞቷል። ሁሉም እንዲያ ይላል።"

"ማን አየው?"

"ማንም።"

"እንግዲያው አናለቅስም። ያየ ሰው እስኪናገር እንጠብቃለን።"

 ረሒማ ሰው በቁሙ ሲለቀስለት አትወድም። ቀኑን እዚያው ዋለች፤ በማግስቱም ሾርባ ይዛ ተመለሰች። ሰላም ብሏቸው የማያውቅ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት፣ የሙቅ ውሃ ፔርሙስ ደጃፉ ላይ አኑሮ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልክ ጮኸ፤ የዌንቦ እኅት ናት። ሜይላን እያዳመጠች ቀስ ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ረሒማ ያበቃለት መስሏት ትከሻዋን ያዘች።

"አለ" አለች ሜይላን። "ታሞ ሆስፒታል ነው። በመስታወት አሻግራ አየችው።"

"አልሐምዱሊላህ።" ረሒማም አጠገቧ ተቀመጠች። አሁን ሁለቱም አለቀሱ።

በጥቅምት ዌንቦ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። የጥብቅና ፈቃዱን ተነጥቋል፤ ካገርም መውጣት አይችልም። ይሁንና የተከራከረላቸው ሠራተኞች እያሳላቸውም ቢሆን ከእስር ቤቱ በር ላይ ጠብቀውታል። እሱ በከፈተው ክስ ፋብሪካው እንዲያሳክማቸው ተፈርዶ ነበር።

ሜይላን በቪዲዮ ስትደውልለት ረሒማን ጠራቻት። ከሲታ፣ ጥርሱ የወላለቀ ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳትና አንድ ነገር ተናገረ።

"ብቻዋን ስላልተውሽልኝ አመሰግናለሁ ይላል" አለች ሜይላን።

"ብላ በይው። እንዲህ ከስቶ ምን ያመሰግነኛል።"

ሜይላን ስትተረጉምለት ሰውየው ሳቀ፤ ሚስቱም አብራው ሳቀች። ረሒማ እስከዚያ ቀን ሳቋን ሰምታ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ በታክሲ ወደ ጻካኔ ስትመለስ ከሰኔ ወዲህ የራቃት ከባድ እንቅልፍ ጣላት። ሾፌሩ መጨረሻው ፌርማታ ላይ "ማማ፣ ደርሰናል" ብሎ ሲቀሰቅሳት ሰፈሯን አልፋለች። ሳትነጫነጭ ወርዳ መንገዱን በእግሯ ተመለሰችው።