የአባባ ስፖርት

ሰው ኩንግፉ ሲሠራ እጁን አላይም፤ እግሩን ነው የማየው። እጅ ይዋሻል። ከቪዲዮ የተለቀመ እጅ እንኳ ለጥቂት ደቂቃ ያምራል። እግር ግን ክብደቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ መምህር የነበረውንና ያልነበረውን ይለያል። ይህን ያወቅኩት ተታልዬ ነው። አዲስ አበባ፣ በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩትን «ጥንታዊ ስታይል» መምህራችን ከቪዲዮ ካሴት እያየ በየሳምንቱ ይቀጣጥለው እንደነበር የገባኝ ሲያትል ከመጣሁ በኋላ ነው። ከእንግዲህ ማንም አያታልለኝም ብዬ ማልኩ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ከፓርኪንግ ሥራዬ ስወጣ፣ ከተማው ውስጥ ያሉትን የኩንግፉ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ ከኋላ ተቀምጬ እታዘብ ነበር። የቀበቶው ቀለም የበዛበትን፣ «ምስጢር» የምትለዋን ቃል በየደቂቃው የሚጠራትን፣ መምህርህ ማን ነው ሲባል ወሬ የሚቀይረውን ሁሉ እሰርዛለሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ሌላ መሪጌታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት የማን ተማሪ እንደሆነና ዜማውን የት እንዳስመሰከረ ነበር። እኔ ዜማውን ሳልወርስ ጥያቄውን ወረስኩና ለቻይናዎቹ አዋልኩት። ልጁን ኩንግፉ ሊያስመዘግብ የሚፈልግ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ ይደውል ነበር፤ መደወሉንም እወደው ነበር።

ከዚያ ሁሉ ዙረት እውነተኛ ሆነው ያገኘኋቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሬኒየር ቢች ኮሚዩኒቲ ሴንተር ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያስተምሩ፣ ማስታወቂያ የማያውቁ፣ ቀበቶ የማይሰጡ ቻይናዊ ሽማግሌ። ማስተር እንላቸው ነበር። መምህራቸውን፣ የመምህራቸውን መምህር እያሉ እስከ አምስት ትውልድ ይቆጥራሉ። የቤተሰባቸው ስታይል ሦስት ክፍል ያለው አንድ ረጅም ፎርም አለው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ፣ ቀስ ተብሎ የሚሠራ የእንቅስቃሴ ሰንሰለት ነው። ሁለቱን ክፍሎች ለሁላችንም አስተማሩን። ሦስተኛውን ግን አንድ ቀን ሠርተው አሳዩንና «ገና ናችሁ» ብለው አቆሙ። አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅኩ። የሚሰጡበት ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የምቀበለው እኔ እንደምሆን ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ቀኑ ሳይደርስ ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ዳነ፤ ግራ እጃቸውና አንደበታቸው ግን አልተመለሱም። ልጃቸው ተንከባካቢ ስትፈልግ ሰው ያገኘሁላት እኔ ነኝ። በዲቪ መጥታ ፌደራል ዌይ የምትኖር፣ ሆም ኬር የምትሠራ፣ ሠላሳን ገና ያለፈች የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነበረች። የመጀመሪያውን ቀን በመኪናዬ ወስጄ ያስተዋወቅኋትም እኔው ነኝ። ቋንቋቸውን አታውቅም፣ እሳቸውም መናገር አይችሉም፤ ገና ከበሩ «አባባ» አለቻቸውና በዚያው ጸና።

ሁለት ዓመት ገደማ አለፈ። አንድ ጠዋት ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እሷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ በካልሲ ቆማለች። መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው። ክብደቷ ከኋላ እግሯ ወደ ፊተኛው ሳይቸኩል፣ ሳይነጥር አለፈ። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው፤ እኔ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነጥራል። ከዚያ ዞር አለች፣ ቀኝ መዳፏን ወደ መሬት አወረደች፤ ያኔ አወቅኩት። ሦስተኛው ክፍል ነበር። ማስተር ከፊቷ ቆመው በደህናው እጃቸው ይመሯታል። ክርኗ ወደ ውጭ ሲወጣ በአንድ ጣት ነካ አድርገው መለሱት። እኔን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በእጃቸው ነክተውኝ አያውቁም፤ የሚያርሙኝ በዱላ ጫፍ ነበር።

የተሰማኝ ቅናት ነበር፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ምን እየሠራሽ ነው አልኳት።

«ይኼ? የአባባ ስፖርት ነዋ። ይኼን ካልሠራን ቁርስ አይበሉም። ሶ፣ እኔም ለመድኩት» ብላ ሳቀች። መጀመሪያ ከፊታቸው የምትቆመው ቢወድቁ ለመያዝ ነበር፤ ቆይተው ተከተዪኝ የሚሉ በሚመስል ሁኔታ እጇን ይዘው ያዞሯት ጀመር። ምን እንደያዘች አታውቅም፣ ለማወቅም አልጓጓችም። ብታውቅና ብትኮራብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይም ሥራ ቦታም የማሰላው እሱኑ ሆነ። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ከሃያ ሰው ጋር ተሰልፌ፤ እሷ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ብቻዋን። እኔ ከፍዬ ያጣሁትን እሷ እየተከፈላት ታገኘዋለች። የአምስቱን ትውልድ ስም እኔ በቃሌ አውቃለሁ፤ እሷ የማስተርን ስም እንኳ አስተካክላ አትጠራም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው። ቻይናዊት ብትሆን ኖሮ ጎንበስ ብዬ አስተምሪኝ እላት ነበር። ትናንት ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ወስጄ ፎርም የሞላሁላትን ልጅ ግን እንዴት ብዬ?

በዚያው ሰሞን ከማስተር ተማሪዎች አንዱ፣ ቤልቪው የሚሠራ ኢንጂነር፣ ሌላ ከተማ ካለ መምህር የሦስተኛውን ክፍል ቪዲዮ አገኘሁ አለ። እውነተኛ መሆን አለመሆኑን እኔ እንድፈርድ፣ ማስተርም ቢያዩት ብሎ አብረን ቤታቸው ሄድን። ስንገባ ሁለቱ ምንጣፉ ላይ ነበሩ። ኢንጂነሩ ቆሞ አያትና፣ ይህ ራሱ ሦስተኛው ክፍል አይደለም እንዴ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ሆስፒታል ያዘዘላቸው ፊዚዮቴራፒ ነው።»

ማስተር አንደበታቸውን እንጂ ጆሯቸውን አላጡም። አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ሄደው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ።

በዚህ ባበቃሁ። ኩሽና ውስጥ ለብቻዋ ጠርቼ፣ ታላቅ ወንድም መስዬ መከርኳት።

«ይኼ ነገር ዝም ብሎ ድካም ነው፣ ምንም አይጠቅማቸውም። አንድ ቀን ቢወድቁ የሆም ኬር ላይሰንስሽን ነው የምታጪው።»

ፊቷ ተለወጠ። በዚያ ላይሰንስ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሌላ ማን ይነግረኝ ነበር አለችኝ። እኔም አብሮ ይስጠን አልኳት። ያገሬ ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ብሎ ይጸልያል፤ እሷ ሳትጸልይ እኔን ሰጣት።

በዓመቱ ማስተር ሞቱ። ለመታሰቢያቸው ኮሚዩኒቲ ሴንተር ስንሰበሰብ ኢንጂነሩ ከቪዲዮው ያጠናውን ሠራ። ሰዉ አጨበጨበና ወደ እኔ ዞረ። እግሩ ልክ አይደለም፣ ይህ የእሳቸው አይደለም አልኩ። እውነትም አልነበረም። ኢንጂነሩ ሳይቆጣ፣ እንግዲያውስ የእሳቸውን አንተ አሳየን አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

በማግስቱ ፌደራል ዌይ ሄድኩ። አፓርትመንቷ ፓርኪንግ ውስጥ አዲስ ሰው ወደምትንከባከብበት ቤት ልትሄድ መኪናዋን ስትከፍት አገኘኋት። አፍሬም ቢሆን፣ የአባባን ስፖርት አንዴ ታሳዪኛለሽ አልኳት። ገረማት፤ ግን ቦርሳዋን መኪናው ላይ አስቀምጣ ጀመረች። እግሯ እንደዚያው ነበር፣ አልተበላሸም። አምስት ያህል እንቅስቃሴ ሠርታ፣ ዞር ብላ ቀኝ እጇን አወረደችና ቆመች። ከመጀመሪያው ጀመረች፣ እዚያው ቦታ ስትደርስ እንደገና ቆመች።

«ከዚህ በኋላ እጄን ይዘው ነበር የሚያዞሩኝ። ጠፋብኝ፣ ጋሼ።»

ለምን ተውሽው አልኳት፣ የማላውቅ ይመስል።

«አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ? እኔ ተውኩት። አባባ ግን አልተዉም። በየጠዋቱ ይነሱና ምንጣፉ ላይ ቆመው እጃቸውን ያነሳሉ፤ እኔ ደግሞ እንዳይወድቁ ብዬ እጃቸውን አውርጄ አስቀምጣቸዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከሚሞቱ ድረስ ነዋ።»

ሰዓቷን አየች፣ እንዳረፈደች ነግራኝ ሄደች። እኔ ባዶ የፓርኪንግ መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ በኋላም አልቅሻለሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ለቅሶ አልነበረም። ያን እጅ በየጠዋቱ ያነሱት ለእሷ ነበር፤ በዚያም ቀናሁባት።