የወይራው እግር ልክ

ጋሽ ልክ ሰማያዊውን የአበባ ማሰሮ ገልብጠው መቀመጫውን አዩት። ቀዳዳ የለውም። በጣታቸው አንኳኩት፣ ወደ ብርሃኑ ዞር አደረጉት፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት። የለውም።

"ውሃው በየት በኩል ይወጣል፣ ልጄ?" አሉ ሻጯን።

"አይወጣም አባባ። ወለል እንዳያበላሽ ተብሎ እኮ ነው ድፍን የተደረገው።"

"ዛፉስ?"

"ዛፉ ምን ይሆናል?"

ደማቸው ፈላ። ዛፉማ ይበሰብሳል። ያውም ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከታች ወደ ላይ ይሞታል። ባለቤቱም ሰው ሲጠይቀው "ምን እንደነካው እንጃ፣ ትናንት ደህና ነበር" ይላል። ይህን የማታውቅ ልጅ መደርደሪያ ሙሉ ማሰሮ ተሰጥቷት ቆማለች። ጥፋቱ የእሷ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ አንዱ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ፣ ጭቃ አቡክቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ የወርቅ ዘንዶ ሥሎበት፣ ቀዳዳዋን ግን ረሳ። ለወለሉ አዘነ።

ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት አወጡና የባንኮኒው መስታወት ላይ ዘረጉት። በእርሳስ የተከበበ ቅርጽ አለበት፤ በአንድ ወገን ቀጥ ያለ፣ በሌላው ወደ ውጭ ያበጠ። ሻጯ አየችው፣ እሳቸውን አየች፣ ከኋላቸው የቆመችውን ልጃቸውንም አየች።

"ምንድን ነው?"

"የዛፉ እግር" አሉ ጋሽ ልክ።

ሻጯ ሳቋን ለመደበቅ ዞር ብላ አቧራ የሌለበትን መደርደሪያ መጥረግ ጀመረች። ልጃቸው እጅጌያቸውን ሳብ አደረገች። "እንሂድ አባዬ።"

ጋሽ ልክ እናትና አባት ያወጡላቸው ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታሉ ልዩ ጫማ ክፍል ሲሠሩ ያተረፉት ነው። ከመሬት በታች ያለች፣ የቆዳና የሙጫ ሽታ የማይለቃት ክፍል ነበረች፤ አንድ እግሩ ያጠረ፣ ተረከዙ የዞረ፣ ጣቱ የተቃጠለ ሰው ወደዚያች ክፍል ይላካል። ጋሽ ልክ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ወለሉ ላይ ቡናማ ወረቀት ያነጥፉና "ቁምበት፣ ሙሉ ክብደትህን ጣልበት" ይላሉ። ከዚያ ተንበርክከው በእርሳስ ይከቡታል። አንዴ አዲስ ሐኪም የአንዱን በሽተኛ ልክ በቁጥር ጽፎ ቢልክላቸው፣ ወረቀቱ ጀርባ ላይ "እግሩን አምጡልኝ" ብለው መልሰውለታል። ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው ኮት ሸለሟቸው፤ ትከሻው ሁለት ጣት ይሰፋል ብለው እዚያው ግብዣው ላይ መለሱት። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፤ ደስ የሚሉት ከሩቅ ነው።

የዕድሜ ልክ ኩራታቸው ግን ከሆስፒታሉ ሥራ አይደለም። አንድ ልጃቸው ስትወለድ ግራ እግሯ ከቀኙ አጭር ነበር፤ አሁን ልዩነቱ ሦስት ጣት ያህል ነው። መሄድ ከጀመረች አንስቶ ከአባቷ እጅ ካልወጣ በቀር ጫማ አድርጋ አታውቅም። ጋሽ ልክ ልዩነቱን የሚሞላውን የቡሽ ከፍታ አንገቱ ረዘም ባለ ቦት ጫማ ውስጥ ይደብቁታል፤ ጥብቅ አድርገው ይሰፉታል፤ ከውጭ ሲታይ ሁለቱ ጫማዎች መንታ ናቸው። "በዚህ ዕድሜዋ አስተማሪ ሆና ስንት ክፍል ተማሪ ፊት ቆማለች፤ አንድም ሰው አይቶ አያውቅም" ይላሉ፣ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም።

ሁለተኛው ኩራታቸው ወይራው ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መንገድ ሲሰፋ ግሬደር ነቅሎ የጣለውን፣ ቡጢ የምታክል ጉቶ በምሳ ዕቃ ቦርሳቸው ይዘው መጡ። አሁን ክንድ ያህል ቁመት ያለው ድንክ ዛፍ ነው፤ የሚያውቁ ሰዎች ቦንሳይ ይሉታል። ግንዱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ በዚያው ወገን ሥሩ ከአፈሩ በላይ እንደ ቁርጭምጭሚት አብጦ ወጥቶ ዛፉን ደግፎ ይዟል።

ሰኞ ጠዋት የድሮው ማሰሮ ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኘ። ሥሩ ከውስጥ ገፍቶ ነው የፈነቀለው። ጋሽ ልክ ዛፉን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በረንዳው ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አስቀመጡት። የቅጠሉ እንቡጦች ማበጥ ጀምረዋል፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ልኩ የሆነ ቤት ካላገኘ እንቡጡ ይረግፋል፣ ሥሩ ይደርቃል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፈር ይበላል።

ይህን የሰማው የድንክ ዛፍ አብቃዮች ማኅበር ሊቀመንበር ያንኑ ቀን ከሰዓት በመኪና ማሰሮ ላከ። እሑድ ማኅበሩ ዐውደ ርዕይ አለው፤ ወይራው ከአዳራሹ መግቢያ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥልቅ ማሰሮ ነው። ጋሽ ልክ ስልክ ደወሉ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ የተማሪ ደብተር ታርም ነበር።

"ጥልቅ የመረጥኩት ያ እብጠት እንዲሸፈን ብዬ ነው" አለ ሊቀመንበሩ። "ግንዱ እንዴት ያምራል መሰለዎት፤ እግሩን ትንሽ ብንደብቅለት…"

"እብጠት ነው ያሉት?"

"ታዲያ ምን ልበለው? ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እኮ እሱን ነው።"

"ይየዋ! ዛፉን ያቆመው እሱ ነው። የሚሸፈነው የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ይኼ ምኑ ነው የሚያሳፍረው?"

ስልኩን ዘጉት። ልጃቸው ከደብተሩ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እርማቷ ተመለሰች። ነጩ ማሰሮ በማግስቱ በታክሲ ወደ ላኪው ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ ማሰሮ ፍለጋ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ድፍኑን ማሰሮ ከምትሸጠው ልጅ ሱቅ ወጥተው ሁለተኛው ሱቅ ገቡ። ባለሱቁ ወረቀቱን አይቶ፣ ከወረቀቱ በግማሽ የሚያንስ ማሰሮ አቀረበላቸው።

"ይጠበዋል" አሉ።

"ሥሩን ቆረጥ አድርገው ያስገቡት፣ ጋሼ። ዋናው የማሰሮው ውበት ነው።"

"ለመሆኑ የአንተ ጫማ ሲጠብህ ጣትህን ነው የምትቆርጠው?"

ባለሱቁ ሌላ ደንበኛ የመጣ አስመስሎ ሸሸ። ጋሽ ልክ መንገድ ላይ እየሄዱም አላቆሙም። ምን ዓይነት ዘመን ነው? አንድ ሰው እንኳ ስለሚገባው ነገር አይጠይቅም፤ ሁሉም ስለ መክተቻው ነው የሚያወራው። ይለካል እንጂ! መለካት ምን ያቅታል? አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስ።

ሦስተኛው ሱቅ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ልጃቸው የደረጃውን ብረት ይዛ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመች።

"ደከመሽ እንዴ?"

"አይ። አንተ ቅደም።"

"ጎበዝ" አሉና ቀደሙ። እዚያም ያገኙት ዕብነ በረድ የሚመስል ፕላስቲክ ነው። ሲወርዱ ቁጣቸው ከእሳቸው ፊት ፊት ይወርድ ነበር።

በመጨረሻ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ግቢዋ ውስጥ ሸክላ የምትሠራ ሴት አለች ሲባሉ ወደዚያ ሄዱ። ሸክላ ሠሪዋ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ወረቀቱን ሲዘረጉላት አልሳቀችም፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ያበጠው መስመር ላይ ጣቷን አኖረች።

"እዚህ ጋ ምንድን ነው፣ አባቴ?"

"ቁርጭምጭሚቱ።"

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደች። ከቧንቧው ሥር ጠብታ የሚቀበል፣ ሳሙና የተቀመጠበት ዝርግ ሸክላ ነበር፤ ቅብ የለውም፣ መልኩ የደረቀ አፈር ነው፣ አራት አጫጭር እግሮች አሉት። አንደኛው ጠርዙ ወደ ውጭ ሰገግ ብሎ ዘንበል ብሏል።

"እሳት አጣመመብኝ። ለሆቴል የታዘዘ ነበር፣ አልቀበልም አሉኝ። ሰው እንዳያይብኝ ነው እዚህ የጣልኩት።"

ጋሽ ልክ ወረቀቱን ውስጡ አነጠፉት። ያበጠው መስመር የተጣመመው ጠርዝ ላይ ሄዶ ልክክ አለ። ጥልቀቱን በጣታቸው ለኩት፤ የግንዱን ውፍረት ያህል ነው፣ የሚፈልጉት ይኸው ነበር። ደስ ሊላቸው ሲገባ ተቆጡ።

"እንዲህ ያለ ሥራ የሳሙና ማስቀመጫ ይደረጋል? ለምንድን ነው የምታፍሪበት?"

"የሚሆነው ዛፍ መቼ መጣና" አለች ሸክላ ሠሪዋ፣ መቦርቦሪያዋን እያነሳች። ውሃ እያንጠባጠበች፣ ሳትቸኩል ሦስት ቀዳዳ በሳችለት።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና በረንዳውን አልለቀቀችም። ጋሽ ልክ ቀዳዳዎቹ ላይ ወንፊት ሽቦ አደረጉ፣ ጠጠር ነሰነሱ፣ ወይራውን ከጆንያው ፈትተው አስቀመጡት፣ በቀጭን ሽቦ ከታች አሰሩት። ልጃቸው አፈሩን በማንኪያ እያቀበለቻቸው እሳቸው በሥሮቹ መሐል በእንጨት ጠቀጠቁት። ሲያልቅ ቁርጭምጭሚቱ በተጣመመው ጠርዝ ላይ ተደግፎ፣ ፀሐይ እየሞቀ፣ ለሁሉም ሰው ታየ። ዛፉ ተረፈ።

"እሑድ መግቢያው ላይ እንደዚሁ ነው የሚቆመው" አሉ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው። "ሊቀመንበሩ ከፈለገ ዓይኑን ይሸፍን። ሰው እንዴት ሳይለካ፣ ሳይጠይቅ፣ ለተመልካች ዓይን ብቻ ብሎ…"

ከኋላቸው የጫማ ዚፕ ሲከፈት ሰሙ። ልጃቸው የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ግራ ቦት ጫማዋን እያወለቀች ነው። ካልሲው ተረከዟ ላይ ተጣብቆ ነበርና በጥርሷ አየር ስባ ነቀለችው። ትንሿ ጣቷ ተቆልምማ ከጎረቤቷ ሥር ገብታለች፤ ተረከዟ ተልጦ ደም አዝሏል። ጋሽ ልክ ይህን እግር በባዶው ካዩት ስንት ዓመት እንደሆናቸው ሊያስታውሱ አልቻሉም። ጫማ አድርጋ ትመጣለች፣ ጫማ አድርጋ ትሄዳለች።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?" አሉ፤ ሰው የደበደባት ነበር የመሰለው አነጋገራቸው።

"መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የለካኸኝ፣ አባዬ?"

የእሷን እግር መለካት ለምን ያስፈልጋል? በቃላቸው ያውቁታል። ጫማው የሚሰፋበትን የእንጨት ፎርማ የጠረቡት አሥራ ሰባት ዓመቷ ሲሆን ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል፣ ሁለት ልጆች ወልዳለች፣ እግሯ ሰፍቷል። ለሆስፒታል ሙሉ ሰው ወረቀት ያነጠፉት ጋሽ ልክ ለልጃቸው ግን በቃላቸው ሲሰፉ ኖሩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዛፉስ ነግሮህ ነው?"

ጫማውን አንስተው ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱት። እሷ ግን አልጨረሰችም።

"በበጋም ቦት ጫማ፣ በሠርጌም ቦት ጫማ። አንድ ቀን ምን ዓይነት ትፈልጊያለሽ ብለኸኝ ታውቃለህ? ሰኞ ለሰውዬው 'የሚሸፈነው የሚያሳፍር ነገር ነው' ስትለው አጠገብህ ተቀምጬ ነበር እኮ።"

ጋሽ ልክ የሚቆጡት ሰው ፈለጉ። ድፍን ማሰሮ የምትሸጠው ልጅ፣ ሥር ቆራጩ ባለሱቅ፣ ሊቀመንበሩ፣ ሁሉም በየተራ ትዝ አሏቸው፤ አንዳቸውም አልሆኑላቸውም። ያፈርኩት እኔው ነኝ፣ እሷ አይደለችም፣ አሉ በልባቸው።

ገብተው መሳቢያውን ከፈቱ። የቡናማው ወረቀት ጥቅል አልቋል። ከኮታቸው ኪስ የወይራውን ወረቀት አወጡ፣ በንጹሑ ጀርባው ገልብጠው በረንዳው ላይ አነጠፉት፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበረከኩ።

"ቁሚበት። ሙሉ ክብደትሽን ጣይበት።"

ትከሻቸውን ይዛ ቆመች። እርሳሱ ተረከዟን ዞረ።

"ምን ዓይነት ይሁን?"

"ክፍት። ጣቶቼ የሚታዩበት። ሶሉም የቱን ያህል ወፍራም እንደሆነ ይታይ።"

"ይታይ" አሉና እዚያው ጥግ ላይ ጻፉት። እርሳሱ ትንሿ ጣት ጋ ሲደርስ ግን መስመሩ ተንሻፈፈ። ጋሽ ልክ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ እግር ሁለት ጊዜ ከበው አያውቁም።

"መስመሩ ተበላሸብኝ" አሉ ቀና ሳይሉ። "እንደገና ልለካሽ።"