ዚንክ ኦክሳይድ ለማስተኮስ ወደ ቀጨኔ

ቅዳሜ ጠዋት ከሸጎሌ ስነሣ በእጄ የያዝኩት አንድ ትንሽ ክዳን ያለው ዕቃ ነበር። ውስጡ ከዱቄት ተጭነው የተሠሩ፣ ክኒን የሚያካክሉ ሦስት ነገሮች አሉ። ሁሉም ዚንክ ኦክሳይድ ናቸው። በአንዱ ላይ በጣም ጥቂት አሉሚኒየም፣ በሌላው ላይ ጥቂት ኮባልት ጨምሬበታለሁ፤ ሦስተኛው ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ጭማሪ የኦክሳይድን የኤሌክትሪክና የማግኔት ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ ማሳየት የማስተርስ ጥናቴ ነው። ግን መጀመሪያ በከፍተኛ ሙቀት መተኮስ አለባቸው። የዩኒቨርሲቲያችን ምድጃ ደግሞ ተበላሽቷል። አማካሪዬ እስከ ሰኞ ውጤት ካላየ ርእሱን ወደ ኮምፒውተር ስሌት እንድቀይር ነግሮኛል። እኔ ደግሞ እንደሚሳካ እርግጠኛ ነበርኩ።

በጳውሎስ በኩል

ከበግ ተራው አጠገብ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ዕቃውን ከጭኔ አነሣ ነበር፤ ያልተተኮሰ ክኒን በጣት ይፈረፈራል። ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ የታመመ አባታቸውን ደግፈው ለሚወርዱ እህትማማቾች መንገድ ለቀቅን። እዚያው ሌላ ታክሲ ይዤ ቀጨኔ ወረድኩ፤ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት።

ቀጨኔ

እትዬ ጽጌ የሸክላ ስኒና ሳህን የሚሠሩ፣ የእናቴ የድሮ ጎረቤት ናቸው። በኤሌክትሪክ ምድጃቸው ለአንድ ሆቴል የታዘዙ ስኒዎች ደርድረው ጠበቁኝ። ክኒኖቼን በክዳን ሸፍነን ከስኒዎቹ ጋር አስገባናቸው።

ሙቀቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ምድጃው ግን ብዙ ቀዝቅዟል። የእሳቸው ስኒዎች እስካሁን ያገኙት ሙቀት ይበቃቸዋል፤ እንደገና ቢሞቁ የተቀቡት የሚያብረቀርቅ ቀለም ሊፈስ ይችላል። ሰኞ ቢያልፍብኝም የእኔን ሌላ ጊዜ እንተኩሰዋለን አልኳቸው።

«በዚህ ሙቀት ብቻ ያንቺ ይሆናል?» አሉኝ።

«አይሆንም። አሉሚኒየሙ ገብቶ የዚንኩን ቦታ መያዝ አለበት። ያኔ ነው ትርፍ ኤሌክትሮን የሚሰጠው፤ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው እሱ ነው።»

ወደ ምድጃው ዞሩ። «እንግዲያው ይሙቅ። ቀለሙ ቢፈስብኝ ስኒ መሥራት አላቃተኝም።»

ማብሪያውን ራሳቸው ተጫኑት።

እሑድ

እሳቸው ከመድኃኔ ዓለም ሲመለሱ ምድጃውን ከፈትን። ሁለት ስኒ ቀለሙ ፈሶ ከመደርደሪያው ጋር ተጣብቋል፤ ሌሎቹ ደኅና ናቸው። ኮባልት የገባበት ክኒን አረንጓዴ ሆኗል። ማግኔት ባስጠጋበትም አልተሳበም፤ መግነጢሱ ካለ በላቦራቶሪ መሣሪያ እንጂ በእጅ አይታይም። ከዚያ ኤሌክትሪክ ማሳለፋቸውን በቴስተር ለካሁ። ንጹሑ ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ ያህል ነው። አሉሚኒየም ያለበት ግን በደንብ አሳለፈ። እትዬ ጽጌ ቁጥሩን ጎንበስ ብለው አዩና እንድደግመው አደረጉኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው።

ሰኞ አማካሪዬም በራሱ እጅ ለክቶ በርእሴ እንድቀጥል ፈቀደልኝ። ወደ ሸጎሌ ስመለስ መቀመጫ አላገኘሁም፤ ቆሜ ነው የሄድኩት። በዚህ ጉዞ የተማርኩት፦ ጥናቴ የእኔ ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ግን ቴሲሱን ስጽፍ ምስጋናው ገጽ ላይ ከአማካሪዬ በፊት ማን እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።